አባቴን የተጋራችኝ ሌንሳ

ትዝታውን ያመጣብኝ የተረገጠ ጦስኝ ሽታ ነው። በመስከረም መጨረሻ የመሥሪያ ቤታችን ወጣቶች «ቅዳሜ ሃይኪንግ እንሂድ» ብለው ተነሡና እኔንም ከቡራዩ በሚኒባስ ይዘውኝ ወጨጫ ተራራ ወጣን። ልጆቹ በደረሱበት ሁሉ ፎቶ እየተነሡ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔ ጉልበቴን እያስታመምኩ ከኋላ አዘግማለሁ። የመጀመሪያው ጅረት ጋ ስንደርስ ሁሉም ጫማቸውን ሊያወልቁ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እኔም አንድ ድንጋይ ተደግፌ ካልሲዬን ስጎትት ሽታው ከተረከዜ ሥር ብድግ አለ። ጦስኝ፣ እርጥብ አፈር፣ ከውሃው የሚነሣ ቀዝቃዛ የድንጋይ ሽታ። ከዚያ ሽታ ጋር ሁልጊዜ አንዲት ልጅ ትመጣብኛለች፤ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ በረጃጅም እግሮቿ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ የምትዘል ልጅ። ሌንሳ።

ስሟን ሳስታውስ ዛሬም ደረቴ ላይ አንድ ነገር ቆንጠጥ ያደርገኛል። ናፍቆት አለበት፤ ግን ናፍቆት ብቻ አይደለም። ቅናት ነው። አርባ ዓመት ያለፋት፣ የልጅ እናት የሆነች ሴት በአንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ትቀናለች ቢባል ማን ያምናል? እኔ ግን እቀናለሁ።

ያደግሁት ሰበታ ነው፤ ከዋናው አስፋልት ወደ ተራራው በሚያወጣው ኮረኮንች መንገድ ዳር። ግቢያችን ውስጥ አንድ ያረጀ የኮክ ዛፍ ነበረ፤ ከቤታችን ጀርባ ደግሞ የሚከራዩ ክፍሎች። አባቴ ተፈራ የፋብሪካ መካኒክ ነበር። ቤት ውስጥ ዝምተኛ ሰው ነው። ከሥራ ሲመጣ ዘይት ዘይት የሚሸት ካኪ ቱታውን በር ላይ ይሰቅላል፤ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራዋን ትንሽ ሬዲዮ ጆሮው ሥር አድርጎ ዜና ይሰማል፤ ራቱን በልቶ ይተኛል። እናቴ ከጎጃም የመጣች፣ ቤቱን በጨዋታ የምትሞላ ሴት ስለነበረች የእሱ ዝምታ ብዙም አይታወቅም ነበር።

ተራራው ላይ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። የተወለደው ከወጨጫ ማዶ፣ በመናገሻ በኩል ነው። ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ በላይነሽ፣ ያኔም እዚያው በአባታቸው መሬት ላይ ትኖር ነበር። ከሰበታ እሷ ጋ በመኪና ለመሄድ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ዞሮ፣ በሆለታ መንገድ መውጣት ያስፈልጋል። አባቴ ይሄን አይወድም። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ማልዶ ይነሣና ኮዳውን ውሃ ሞልቶ፣ በሶና ቆሎ ቋጥሮ፣ የተራራውን ትከሻ በእግሩ አቋርጦ ይሄዳል። በማግስቱ በዚያው መንገድ ይመለሳል። እኔ አንድ ልጁ ነኝ። ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ይዞኝ መሄድ ጀመረ።

መንገዱ ሰው የማይበዛበት፣ አንዳንዴ ሣር ውጦት የሚጠፋ መንገድ ነው። የከተማው ባሕር ዛፍ ሲያልቅ ጥዱና ኮሶው ይጀምራል። ጉሬዛዎች ቅርንጫፍ ላይ ሆነው ቁልቁል ያዩናል። ከተራራው የሚወርዱ ጅረቶች መንገዱን በየቦታው ይቆርጡታል። አንዳንዱን በአንድ እርምጃ ያልፉታል፤ አንዳንዱ ድንጋይ መምረጥ ይፈልጋል። ወደ ሰበታ ሲመለሱ የመጨረሻ የሚገኘው ግን ሰፊ ነበር፤ በበጋ እንኳ እግር የሚቆርጥ ቅዝቃዜ አለው። እኔ ውሃ እፈራለሁ። ጅረት በደረስን ቁጥር አባቴ ጎንበስ ብሎ «ነይ፣ ውጪ» ይለኛል። ጀርባው ላይ ወጥቼ አንገቱን አቅፋለሁ። ውሃው ከሥራችን እየጮኸ፣ እሱ ቀስ ብሎ እየተራመደ፣ በልጅነቱ ጅብ ያባረረበትን ቦታ፣ ከእህቱ ጋር ተጣልቶ የተደበቀበትን ዋሻ ይነግረኛል። እናቴ የማታውቃቸውን ታሪኮች እኔ አውቃለሁ። ተራራው አባቴ የእኔ ብቻ የሚሆንበት ቦታ ነበር።

ሌንሳ የመጣችው አምስተኛ ክፍል እያለሁ ነው። እናቷ አዴ ሹሜ ከተጂ መጥታ ከጀርባ ካሉት ክፍሎች አንዱን ተከራየች። ሰበታ ገበያ ቅቤና አይብ ትሸጣለች። ባሏ እንደሞተ ሰምተናል፤ እንዴት እንደሞተ ግን ለእኛ ለልጆች የነገረን የለም። ሌንሳ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ቀጭን፣ ቁመቷ ዕድሜዋን የቀደመ፣ ሰው ስታይ ዓይኗን የማትሰብር ልጅ ነበረች። አማርኛዋ ገና ስላልተፍታታ ትምህርት ቤት ብዙ አታወራም። በመጀመሪያ ወድጃት ነበር። ኮክ ዛፉ ሥር ቁጭ ብለን ገና ያልበሰለውን እየበላን አብረን ሆዳችንን ታመናል።

አንድ ዓርብ እናቴ አባቴን «ተፌ፣ ነገ ይቺንም ልጅ ይዛችኋት ሂዱ እስቲ። ብቻዋን ስትቆዝም ነው የምትውለው» አለችው። አባቴ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ደስ አለኝ።

ደስታዬ የመጀመሪያው ጅረት ጋ አለቀ። አባቴ እንደ ልማዱ ጎንበስ አለልኝና ጀርባው ላይ ወጣሁ። ሌንሳ ግን ማንንም አልጠበቀችም። ቀሚሷን ሸጎጠች፣ አንዱን ድንጋይ በእግሯ ጣት ነካ አድርጋ ሞከረች፣ ከዚያ እየዘለለች ተሻገረችና ማዶ ቆማ ወደ እኛ ዞረች። አባቴ እኔን እንዳዘለ ውሃው መሀል ቆሞ ሳቀ። እንደዚያ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ጀርባው ላይ ሆኜ ሳቁ በደረቱ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። በኦሮምኛ አንድ ነገር አላት፤ መለሰችለት፤ ደግሞ ሳቀ።

እናቴ ኦሮምኛ ስለማትችል እቤት የምናወራው አማርኛ ነው። እኔ ከመንደር ልጆች የለቃቀምኩት ግማሹን ብቻ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያወሩት።

«ምን አለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ምንም። ስለ ፍየል ነው» አለችኝ።

አክስቴ ቤት እስክንደርስ ድረስ ስለዚያ ፍየል ሳስብ ዋልኩ።

አንድ ቃል ግን በደንብ ገብቶኝ ነበር። አባቴ ሌንሳን ሲጠራት «ኢንተለ ኮ» ይላታል። ልጄ ማለት ነው። ዛሬ ሳስበው በአገሩ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ ለጎረቤት ልጅ የሚለው ቃል ነው። ያኔ ግን እኔን «መሲ» እሷን «ልጄ» የሚል አባት ነበረኝ፤ ይሄን ማንም ሊያስረዳኝ አይችልም ነበር።

አክስቴ ቤት ስንደርስ ጎረቤቶቹ «ኦቦ ተፈራ፣ አካም ጅርቱ» እያሉ ሰላም ሊሉን ወጡ። ሌንሳ ለሁሉም በየተራ፣ በወጉ፣ ጎንበስ ብላ መለሰች። ትንሽ ቆይታ ከአክስቴ ጋር ጓሮ ገብታ ድንች ትለቅም ጀመር። እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ እርጎ እጠጣለሁ። አክስቴ ተመልሳ እንድሰማት በአማርኛ «እግሯ የሚዳቋ፣ እጇ የትልቅ ሰው። አንቺም ከሷ ተማሪ» አለችኝ። እርጎውን ሳልጨርስ መደቡ ላይ አስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ ሌንሳ አልቀረችም። አባቴ የወይራ ዱላ ቆርጦ፣ ልጦ፣ ጫፉን አሹሎ ሰጣት። ከዚያ ዞር ብሎ «መሲ፣ ላንቺም ልቁረጥልሽ?» አለኝ። አልፈልግም አልኩ። ፈልጌ ነበር፤ ግን ሁለተኛ የተቆረጠ ዱላ ምን ያደርግልኛል?

በድብቅ ልምምድ ጀመርኩ። ከቤታችን ጀርባ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ አለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ድንጋይ እየደረደርኩበት እንደ ሌንሳ እዘላለሁ። እናቴ ቀሚሴን እያሸች «ምን አግኝቶሽ ነው ጭቃ ለጭቃ የምትንከባለይው?» ትለኛለች። በሚቀጥለው ጉዞ አባቴ ጎንበስ ሲልልኝ «ራሴ እሻገራለሁ» አልኩት። ሦስተኛው ድንጋይ ላይ አዳለጠኝና ውሃው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ሌንሳ ከማዶ ሮጣ መጥታ እጇን ዘረጋችልኝ። አልያዝኩም። አባቴ አወጣኝ። ሌንሳ ትከሻዋ ላይ የነበረውን ፎጣ አውልቃ ሳትናገር ጉልበቴ ላይ ጣለችልኝ። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምት ሲገባ አባቴ መንገዱን ያቆማል። በዚያ ዓመት ግን በሰኔ አክስቴ ታማለች የሚል ወሬ መጣና «ደርሰን እንመለስ» ብሎ ሦስታችን ሄድን። አክስቴ ተሽሏት ስለነበር በማግስቱ ተመለስን። እኛ የምንሄድበት ፀሐይ ነው፤ የተራራው ጫፍ ግን ጥቁር ደመና ለብሷል። አባቴ ቶሎ ቶሎ ይራመዳል፤ አያወራም።

የመጨረሻው ጅረት ጋ ስንደርስ ውሃው ቡናማ ሆኗል። አባቴ በዱላ ወጋ ወጋ አደረገው፤ ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ይላል። «አንድ በአንድ አሻግራችኋለሁ» አለ። እኔ ወደ ፊት ጠጋ አልኩ። እሱ ግን ወደ ኋላ ዞረ። ሌንሳ ከእኛ ራቅ ብላ ግንድ ተደግፋ ቆማለች፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል። አባቴ ለጥቂት ጊዜ አያት።

«መሲ፣ እላይ ድንጋዩ ላይ ቁጭ በይ። አሁን እመለሳለሁ» አለኝ። ከዚያ ለእሷ ጎንበስ አለላት።

ሌንሳ ጀርባው ላይ ወጣች። ፊቷን አንገቱ ውስጥ ቀበረች፤ እኔ በምይዝበት በኩል ያዘችው። ያ የእኔ ቦታ ነው። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ጀርባቸውን አያለሁ። ማዶ ደርሶ አወረዳት። ወደ እኔ ሊመለስ ሲዞር ከላይ በኩል ከባድ መኪና የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ።

ውሃው ቅርንጫፍና ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። ተነሥቼ ወደ ላይ ሮጥኩ። ዞር ስል አባቴ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ ጭኑ ድረስ ደርሶበታል። ሌንሳ ከኋላው ጃኬቱንና ቀበቶውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ተረከዟ ጭቃው ውስጥ ገብቷል። አባቴ ጣቶቿን ሊያላቅቅ ይታገላል። እየጎተታት ነው፤ በጉልበቷ ወደቀች፤ አለቀቀችም። የሚሉት አይሰማኝም፤ ያለው የውሃው ጩኸት ብቻ ነው። እኔ የማየው አባቴ ወደ እኔ ሊመጣ ሲል ሌንሳ ስትከለክለው ነው።

«ልቀቂው» ብዬ ጮህኩ። «ልቀቂው፣ አባቴ ነው።»

አባቴ ተንገዳግዶ ወደ ኋላ ተቀመጠ። ወዲያው አንድ ሙሉ የጥድ ግንድ ከነሥሩ በፊቱ አለፈ።

ከዚያ በኋላ አልታገለም። ተነሥቶ በሁለት መዳፉ ወደ መሬት እያሳየ ተቀመጪ፣ አትንቀሳቀሺ አለኝ። ተቀመጥኩ። እነሱም ትይዩዬ ተቀመጡ። ውሃው እስኪቀንስ ከሰዓቱን በሙሉ እንደዚያ ተያየን። አባቴ በየመሀሉ እጁን ያነሣልኛል፤ እኔም አነሣለታለሁ። ግን ጃኬቱን አውልቆ ሌንሳን አልብሷታል። እኔም ብርድ ይዞኝ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውሃው ጎደለ። አባቴ ተሻግሮ መጣና አቀፈኝ። ጀርባው ላይ ወጣሁ። መሀል ላይ ስንደርስ ጆሮው ሥር «ለምን እሷን አስቀደምካት?» አልኩት።

እግሩን የሚያሳርፍበት ድንጋይ ፈለገ። «እሷን ዳር አቁሜ ማስጠበቅ አልቻልኩም፣ መሲ። አንቺ ግን እንደምመለስ ታውቂያለሽ» አለኝ።

አልገባኝም። ማዶ ስንደርስ ሌንሳ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ልታቅፈኝ መጣች። በአባቴ ሌላ ጎን ዞሬ አለፍኳት።

እቤት እናቴ ልብሴን እየቀየረች፣ እያለቀሰች፣ ነገሩን ሁሉ ከእኔ ሰማች። «ይዛው ነበር፣ እንዳይመጣ» ስላት እጇ ቆመ። አልጋው ላይ አስቀምጣኝ፣ የማውቅበት ዕድሜ ሳይደርስ፣ ነገረችኝ። ተጂ ላይ አዋሽ ሞልቶ የእነሱን ማሳ የከበበው ጊዜ የሌንሳ አባት መጀመሪያ እሷን ተሸክሞ አሻገራት። ዳር ላይ አስቀምጧት ትንሽ ወንድሟን ሊያመጣ ተመለሰ። እሷ እዚያው ጠበቀች። ሁለቱም አልመጡም።

ያን ማታ ለሌንሳ አለቀስኩ። ጠዋት ስነሣ ግን ቅናቱ እዚያው ነበር። አባቴ ለምን እሷን እንዳስቀደመ ገብቶኛል፤ ለምን እንደያዘችውም መገመት አያቅተኝም። ገብቶኝም ጀርባው ላይ ፊቷን ስትቀብር የሚያሳየው ሥዕል ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ አብሬያቸው መሄድ ተውኩ። አባቴ ሁልጊዜ «አትመጪም?» ይለኛል። ራሴን አሞኛል፣ ፈተና አለብኝ እለዋለሁ። አጥሩ ጋ ቆሜ ካኪ ጃኬቱና የሌንሳ ረጅም እግሮች በኮረኮንቹ ወደ ላይ እስኪጠፉ አያለሁ። ሲመለሱ የሚያወሩት ጨዋታ በሩ ላይ ያልቃል፤ ለእኔ የሚተርፈው ጭቃ የነካው ጫማቸው ነው።

ሌንሳ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ አዴ ሹሜን ሱሉልታ ያለው ወንድሟ ጠራት፤ ላሞች አሉት፣ የሚረዳው ሰው ይፈልጋል። ዕቃቸው ተጭኖ ሲሄዱ አባቴ ሥራ ላይ ነበር። ማታ መጥቶ የተዘጋውን ክፍል አየ። ሬዲዮውን ከፈተና አንቴናውን ሳያወጣ ሲንሿሿ እየሰማ አመሸ።

በሚቀጥለው ወር መንገድ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ባለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ጫማዬን አጥልቄ በሩ ላይ ጠበቅኩት። «እኔ እመጣለሁ» አልኩ። ሄድን። ጅረቶቹን በራሴ እግር ተሻገርኩ፤ እሱም እንደ ድሮው አጫወተኝ። ግን ውሃ በደረስን ቁጥር ከመሻገሩ በፊት አንዴ ወደ ኋላ ዞር ይላል፤ የቀረ ሰው እንዳለ። ያን ጊዜም ቀናሁ።

አባቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት በእርጅና ሞተ። ሰበታ ያለው ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ለቅሶ ላይ እያለን አንዲት ረጅም ሴት «አባ ኮ፣ አባ ኮ» እያለች ገባች፤ አባቴ፣ አባቴ ማለት ነው። ድምጿ ድንኳኑን ዝም አሰኘው። ከጎኔ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ እህት አለሽ እንዴ?» አሉኝ። በገዛ አባቴ ለቅሶ ላይ ያ የድሮ ቁንጥጫ መጣብኝ። የእሷ ለቅሶ ከእኔ የበለጠ ይመስል ነበር።

ሰው ሲሳሳ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ሱሉልታ አግብታ፣ ወልዳ፣ ወተት እያቀረበች እንደምትኖር ነገረችኝ። አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ አይለይም። ሻይ በእጄ ይዤ ቆየሁና ስንት ዓመት ያኘክሁትን አወጣሁት።

«ያን ቀን እንደዚያ የያዝሽው… እኔ ማዶ ነበርኩ እኮ፣ ሌንሳ።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ስትጮኺ አይቼሻለሁ። ይቺን እያት።» የግራ እጇን ትንሽ ጣት አሳየችኝ፤ ወደ ጎን ታጥፋለች። «ሊያላቅቀኝ ሲል ነው። ብርድ ሲሆን እስከ ዛሬ ያመኛል።»

«ያውቅ ነበር?»

«ምን ብዬ እነግረዋለሁ?» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «መሲ፣ የእኔ አባት ተመልሶ ሲገባ የያዘው ሰው አልነበረም። እኔ ቁጭ በይ ስላለኝ ቁጭ አልኩ።»

 እጇን ያዝኩ፤ የታጠፈችዋ ጣት መዳፌ ውስጥ ነበረች። እውነቱን ልናገርና በዚያች ጣትም ቀናሁ። እኔ አባቴን ከሞት ይዤ ባስቀርና እንደዚያ ያለ ምልክት ቢኖረኝ እወድ ነበር። እኔን እሱ አዘለኝ፤ እሷ ግን እሱን ያዘችው።

ማታ ወደ ሱሉልታ የሚሄድ መኪና እንዳያመልጣት ተነሥታ ሄደች። እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት፤ ብዙም አላወራንም።

ከዚያ ጎርፍ በኋላ አባቴ ብዙ ኖረ። ስመረቅ ግራጫ ኮቱን ለብሶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስዳር እጄን ይዞ አስረክቦኛል። እናቴ ስታርፍ ቡራዩ መጥቶ እኔ ጋ ኖሯል። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ሌንሳ ናት ያስቀረችልኝ፤ እሷ ሱሉልታ ላም ስታልብ እኔ በላኋቸው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እግሩ አልታዘዝ ብሎት ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ይቀመጥ ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ብርቱካን ትሰጠዋለች። እሱም በሴንጢው ቀስ ብሎ፣ ሳይበጥስ፣ ልጣጩን እንደ ሪባን እያዞረ ይልጥላታል፤ እሷ ልጣጩ ሲረዝም ለማየት ጉልበቱ ላይ ተደግፋ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች።